ሐሙስ የሚመረቀው ውሃ

«አንተስ ምን አልካቸው?» ብላ ነበር እናቷ የጠየቀችው።

አባቷ የዚያን ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር ሾፌር ነበር። እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ሆና፣ ኩፍኝ ይዟት ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከኋላ ወንበር ሆነው አንድ የተቦረቦረ መንገድ አይተው፣ ይህ እንዲጠገን ሦስት ጊዜ አዝዣለሁ፣ ሦስቴም ተጠግኗል የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል አሉኝ ብሎ ያወራል አባቷ። መልሱን ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው፦ «እርስዎ የሚያዩት እኛ ያሳየንዎትን ነው።»

ይህን ለሰውየው ብሏቸው ይሁን ወይስ ልላቸው ነበር ብሎ ለእናቷ አጫውቷት ይሁን፣ ከትኩሳቱ የተነሣ እስከ ዛሬ ለይታ አታውቅም። አባቷ ከሞተ በኋላ እናቷን ብትጠይቃት፣ «እኔ እንጃ ልጄ፣ አባትሽ ያላለውንም እንዳለ አድርጎ ያወራ ነበር» አለቻት።

ዛሬ እሷ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ረቡዕ ጠዋት የላብራቶሪውን ማሞቂያ ሣጥን ከፍታ የመመርመሪያ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታነሣ፣ ትዝ ያላት ይኸው ወሬ ነበር። ትናንት ባዶ በነበረው ሳህን ላይ ወተት የመሰሉ የባክቴሪያ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። በእስክሪብቶ ጫፍ ከሥር ምልክት እያደረገች ቆጠረች። አላመነችም፤ ደግማ ቆጠረች። በሁለት ቀን ውስጥ ቁጥራቸው ከሚፈቀደው በላይ ሆኗል።

«አምላኬ፣ አሁን ምን ላድርግ?» አለች በሆዷ።

የሆስፒታሉ አዲሱ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነገ ይመረቃል። የሚመርቁት የአሁኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ሐሙስ ሥራ እንደሚጀምር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ሳምንት አልፏቸዋል። ያሉትን ያሉት ግን በእሷ ፊርማ ተማምነው ነው። የመጀመሪያው የውሃ ናሙና ንጹሕ ነው ብላ ፈርማለች፤ ወረቀቱ ከዳይሬክተሩ ወደ ጤና ቢሮው፣ ከቢሮው ወደ ጤና ሚኒስቴሩ፣ ከዚያም ወደ ላይ ወጥቷል።

ስሕተቱ የታወቃት በኋላ ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ትልቅ ሰው ይመጣል ሲባል የግቢውን እጀታ ሁሉ ስትወለውል፣ ናሙና የሚቀዳበትን ቧንቧ ውስጡን ሳይቀር በበረኪና አጥባው ኖሯል። «በገዛ እጄ ነው ያጠብኩት፣ እንደ መስተዋት እኮ ነው» አለቻት በኩራት። እንግዲህ ንጹሕ የተባለው ውሃው ሳይሆን በረኪናው ነው። ሰኞ ዕለት ቧንቧው ብዙ እንዲፈስ አድርጋ እንደገና ቀዳች። የዛሬው ሳህን የዚያ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ራሱ መጣ። ቀለም የነካው ጫማው ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ እሷ የምትፈርምበትን የሥራ ማስጀመሪያ ቅጽ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም። ሳህኑን ብታሳየውም የመጀመሪያው ውጤት በቂ እንደሆነ፣ የቢሮ ኃላፊው ከትናንት ጀምሮ አምስት ጊዜ እንደደወለ፣ ነገም ቢሆን አንድ ታካሚ ብቻ ካሜራው እስኪሄድ ለአሥር ደቂቃ ከማሽኑ ጋር እንደሚያያዝ ነገራት።

«ማን ነው የሚያያዘው?»

«መምህሩ።»

«ዶክተር፣ ይህ ውሃ ከሰው ደም ጋር ነው የሚገናኘው። ሆድ የሚችለውን ደም አይችልም።»

«እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አለ። ቅጹን ሳያነሣ ወጣ።

መምህሩ ኮሪደር ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ እስኪወጡ የከተማውን ግማሽ ሕዝብ ሂሳብ ያስተማሩ፣ እሷንም ስድስተኛ ክፍል በማካፈል ያስለቀሱ ሰው ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ሌላ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ይመላለሳሉ፤ ለመሄድ አራት ሰዓት፣ ለመመለስም አራት ሰዓት። ወሬው ሳይደርሳቸው አልቀረም፣ ገና ሲያዩዋት ፈርሚልኝ አሏት።

«ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተናግረዋል እኮ፣ ልጄ።»

«ውሃው ዜና አይሰማም፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ዞረ። «የአውቶቡሱ መንገድ ሰልችቶኛል። የሚገድለኝም ከሆነ እዚሁ ቤቴ አጠገብ ይግደለኝ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

ሳህኑን አምጥታ በጉልበታቸው ላይ አደረገችላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው እንደ ፈተና ወረቀት አዩት። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆጠሩ፤ መሐል ላይ ተዉት።

«ይህ ሁሉ ወደ እኔ ሊገባ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ ፈራሁ። አንቺስ?»

«እኔም።»

ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጸሐፊዋ እየሮጠች መጥታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደውለዋል፣ ነይ አለቻት። ወደሚሄዱበት ቦታ በዋዜማው ራሳቸው ይደውላሉ ሲባል እሷም ሰምታለች፤ እውነት ነው ብላ ግን አስባ አታውቅም። ስትገባ ስልኩ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ወንበሩን ትቶ ቆሟል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዝግጁ ናችሁ ወይ ሲሉ፣ «ዝግጁ ነን፣ ክቡርነትዎ» የሚለው እንደ ሰላምታ ከዳይሬክተሩ አፍ አመለጠ። ውሃውን የመረመረችውን ባለሙያ ላመስግን አሉ። ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞረ፤ ዓይኑ ይለምናል።

አባቷ ትዝ አላት። በልቧ አማተበች።

«ክቡርነትዎ፣ ውሃው አልደረሰም» አለች።

ስልኩ ውስጥ የሆነ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ ምን እንደሚጎድል ጠየቁ። ማጣሪያው መቀየር፣ ቧንቧው ሁሉ መታጠብ፣ ከዚያ እንደገና መመርመር እንዳለበት፣ ንጹሕ ነው ለማለት ምርመራው ብቻውን ሰባት ቀን እንደሚፈጅ አስረዳች። ማጣሪያውን ዛሬውኑ በአውሮፕላን አስልካለሁ አሉ።

«ሰባቱን ቀን ወደ ሁለት ማውረድ አይቻልም? ባለሙያ ልጨምርላችሁ።»

«ሰው ቢጨመር የሚያየው ይበዛል እንጂ ሳህኑ አይፈጥንም፣ ክቡርነትዎ።»

«ታዲያ ደርሷል ያለኝ ማነው?»

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን ያዘ። ስሙን መጥራት ትችል ነበር። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ ግን የራሷ ነው።

«ሁላችንም ነን» አለች። «እርስዎ የሚያዩት እኛ ያሳየንዎትን ነው።»

ከዚህ በፊት ተብሎ ይሁን አይሁን፣ አሁን ተባለ።

«ሰው ከሥራ ማንሣት እችላለሁ» አሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ፤ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ነገ ዳይሬክተሩን ባነሣ፣ የሚቀጥለው ሆስፒታል ደርሷል የሚለኝ ከእናንተም ቀድሞ ነው። እውነቱን እንዲነግሩኝ ማድረግ ነው ያቃተኝ።» ቀጥለውም ነገ እንደሚመጡ፣ ማሽኑ ግን እንደማይከፈት፣ ለሕዝቡም አልደረሰም ብለው ራሳቸው እንደሚናገሩ ገለጹ። «ይህን የምለው ግን ወረቀት ይዤ ነው። በጽሑፍ ላኩልኝ፣ ዳይሬክተሩ ይፈርምበት። ያለ እሱ የቢሮውና የሚኒስቴሩ ወረቀት ይበልጠኛል።»

ስልኩ ተዘጋ።

ዳይሬክተሩ ተቀመጠ። «ጠዋት የቢሮ ኃላፊው ደውሎ ማን ፈቀደልህ ይለኛል።»

«ይልዎታል።»

«እሳቸው ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እሱ ግን እዚሁ ነው።»

ከሳህኑ ጋር ይዛው የመጣችውን የማስጀመሪያ ቅጽ ሳትፈርምበት መለሰችለት፤ ሳህኑን ከጎኑ አስቀመጠች። አገር የሚያዝ ሰው ፈቅዶ፣ ነገሩ ሁሉ አሁን የቀረው በዚህ ሰው እጅ ላይ ነው።

በሩ በቀስታ ተንኳኳ። መምህሩ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ይቅርታ፣ ዶክተር። የነገው አውቶቡስ ትኬት አሁን ካልተያዘ ይሞላል። ልያዝ ወይስ እዚህ ልምጣ?»

ዳይሬክተሩ ሽማግሌውን አየ። ሳህኑን አየ። ስልኩ እንደገና መጥራት ጀመረ፤ የቢሮ ኃላፊው ቁጥር ነው። አላነሣውም።

«ትኬትዎን ይያዙ፣ ጋሼ» አለ።

ባዶ ወረቀት ስቦ ቀኑን ከላይ ጻፈ።

«ቁጥሩን አንቺ ንገሪኝ» አላት፤ «በእጄ እጽፈዋለሁ።»