አጀንዳ ሦስት፦ የአቶ ሣህሉ መቀመጥ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንኳን ደስ አላችሁ! እድራችን በጀመረው ተሃድሶና የአቅም ግንባታ ሥራ መሠረት አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከነመደገፊያውና ከነክንዱ፣ ገዝቶ የንብረቱ አካል አድርጓል። ወንበሩ ከድንኳኑ መግቢያ በስተቀኝ የሚቆም ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት የዘለለ አባላት ብቻ ይቀመጡበታል። ሕፃናት እንዳይንጠላጠሉበት፣ እርጥብ ልብስም እንዳይሰጣበት በጥብቅ እናሳስባለን።

ይህን ያወጀው የቦሳ አዲሱ ሰፈር እድር ሊቀመንበር መሳይ ነው። መሳይ ገና ጎልማሳ ነው፤ በማኔጅመንት ዲፕሎማ አለው፤ ስብሰባ ሲመራ እስክሪብቶውን እንደ ቴርሞሜትር ያወዛውዛል። የቀበሌውን አዳራሽ ቆርቆሮ ዝናብ ስለሚደበድበው የአዋጁን ግማሽ ማንም አልሰማም። የተሰማው ሁለተኛው ግማሽ ነው፦ ወንበር የተገዛላቸው ሽማግሌዎች ከእንግዲህ ድንኳን ከመትከል፣ መቃብር ከመቆፈር፣ ቃሬዛ ከመሸከምና አስከሬን ከመገነዝ «በክብር ነፃ» ወጥተዋል።

«ነፃ የወጣሁት ማን ከሶኝ ነው?» አሉ አቶ ሣህሉ ከኋላ ተነሥተው።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ክብር ነው እኮ! ይረፉ ብለን ነው።»

«ክብሩን ለወንበሩ ስጠውና የእኔን መዶሻ አምጣልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን «አባሉ ውሳኔውን በደስታ ተቀብለዋል» ተብሎ ሰፈረ።

አቶ ሣህሉ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከአጋሮ በጭነት መኪና ቡና ጭነው ሲወርዱ ነው። ዓይናቸው ሲደክም መኪናውን ተቀሙ፤ ሚስታቸው ሲሞቱ ቤቱን ለቀው ልጃቸው ሰናይት ዘንድ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የራሳቸው ነው የሚሉት የእድሩን ድንኳን ካስማ መምታት ብቻ ነበር። ሰው ሲሞት ይፈለጋሉ፤ «ጋሽ ሣህሉ የታሉ?» ይባላል። ሰው እስኪሞት የሚጠብቅ ሰው ጥሩ ሰው ነው አይባልም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነበር።

በሚቀጥለው ለቅሶ መዶሻ ሲያነሡ አንድ ጎረምሳ ከእጃቸው ላይ ወሰደው። «አባባ፣ ይረፉ» አላቸው፣ ሞቶ ለተቀበረ ሰው በሚባልበት ድምፅ።

ተቀመጡ። ተቀምጠው ሲያዩ ያላስተዋሉት ነገር ታያቸው። የሚሞተው ወጣቱ ነው። ያን ክረምት ሽማግሌዎቹ በተራ በወንበሩ ላይ ተንፈላሰው፣ ወጣት ወጣትን ተሸክሞ በፊታቸው ያልፍ ነበር። የሚሸከመውም አንዳንዱ አንገቱ ቀጥኗል፤ ኮሌታው ሰፍቶታል። ምን እንደገደለው ሲጠየቅ ሳንባ ነው ይባላል፤ ወባ ነው ይባላል፤ አንዱንማ ወላጆቹ «መብረቅ» ብለዋል፣ በጠራራ ፀሐይ። የበሽታውን ስም አውቆ በአደባባይ የሚጠራ መሳይ ብቻ ነው። አበል በሚከፈልበት ሥልጠና ተካፍሎ ቀይ ሪባን የታተመበት ካናቴራ ተሰጥቶታል፤ «በመጨባበጥ አይተላለፍም» ብሎ ያስተምራል፤ አስተምሮ ሲያበቃም ማንንም ሳይጨብጥ ይሄዳል።

ፍስሐ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። አጋሮ የቡና ደላላ ነበር፤ የቡና ዋጋ ሲወድቅ ሥራው ወደቀ፣ ቀጥሎ እሱ። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረገጥ ከጋሪ ላይ አቅፈው አወረዱት። ሰፈርተኛው በአጥር ላይ «እግዜር ይማረው» ብሎ አጥሩን አልፎ አልገባም። አቶ ሣህሉ ገቡ።

«ምን ሊያዩ መጡ?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ በሩን ሳይለቁ።

«ምኑን አያለሁ፣ ዓይኔ እንደሁ ደክሟል። ቁጭ በል ተብዬ ነው።»

«ማን አለዎት?»

«እድሩ። የት እንደምቀመጥ ግን አልነገሩኝም።»

ሴትዮዋ ገርምመው አዩዋቸውና ከበሩ ዘወር አሉ።

አቶ ሣህሉ ስለ ሕመም የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሞተር ሲታመም ያውቃሉ፤ ሰው ግን ሲፈታ አይገጠምም። መጀመሪያ አካባቢ አጥሚቱን ደፉበት፤ ሲያገላብጡት አሳመሙት፤ ፍስሐም በስማቸው ፈንታ በስድብ ጠራቸው። የነበራቸው ዝግታ ብቻ ነው። አንድ ኩባያ አጥሚት በማንኪያ እስኪያልቅ ረፋዱ ያልፋል። ወጣት ሰው እዚያ ቢቀመጥ ሰዓቱን ያያል፤ እናቱ ያለቅሳሉ። አቶ ሣህሉ የሚሄዱበት የለም። ሌሊትም ቢሆን ሽንታቸው ሰላም ስለማይሰጣቸው እዚያው ማደር ጀመሩ፤ በተነሡ ቁጥር ልጁን ወደ ሌላው ጎኑ ያዞሩታል። ሐኪም ያንን የሽንት ችግር በሽታ ነው ብሏቸው ነበር።

«ጋሼ» አለ ፍስሐ አንድ ቀን፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ «እኔ እኮ የእርስዎን ቀብር ነበር የምጠብቀው።»

«ተሰልፌ ቆሜ፣ ወረፋዬን ነጠቅኸኝ። ደላላ አይደለህ!»

ልጁ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፣ ሳሉም ረጅም ነበር።

«ከእኔ ምን ያገኛሉ?» አለ ሲበርድለት።

«ዝም ብለህ ዋጥ።»

ሰናይት ወሬውን የሰማችው ከገበያ ነው። አልጮኸችም። በማግስቱ የአባቷ ኩባያ ከሌሎቹ ተለይቶ መስኮት ላይ ተቀመጠ። የልጅ ልጃቸው ሶሲ ሮጣ ልትጠመጠምባቸው ስትል እናቷ በቀሚሷ ያዘቻት፤ ሶሲም ጨዋታ መስሏት ፈነደቀች። አቶ ሣህሉ ኩባያቸውን ከመስኮቱ ላይ አነሡና ጠጡበት። ከዚያ በኋላ ወደ ልጅቱ እጃቸውን ዘርግተው አያውቁም።

ጎረቤት ግን መድኃኒት አገኘለት። «ጃጅተው ነው» ተባለ። ሁሉም እፎይ አለ፤ ያልጃጀ ሰው ያንን የሚያደርግ ከሆነ እኮ ሌላውም መጠየቁ ነው።

ፍስሐ የሞተው ማለዳ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ። እድሩ ለመገነዝ የመደባቸው ብርቱ ወጣቶች ተፈለጉ። አንዱ ወገቡን አመመው፤ አንዱ ለሥራ ወደ ሰቃ ከተማ ሄዷል ተባለ፤ ሦስተኛው በራሱ በር ላይ ቆሞ «የለም» አለ፣ ስለ ራሱ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ከቤቱ ራቅ ተደርጎ።

የአቶ ሣህሉ የቆየ ወዳጅ ልብስ ሰፊው ሀቢቡላህ ከጅሬን ሲወርድ ወሬውን ሰምቶ ነበር። በአንድ እጁ ጄሪካን ውሃ፣ በብብቱ አቡጀዲ ይዞ ደረሰ።

«ሱብሃነላህ! ሰው ሁሉ የት ገባ? ማል ጎና፣ ሣህሉ?» አለ፤ ምን እናድርግ ማለቱ ነው።

«አብረኸኝ ትገባለህ?»

«የእናንተን ሥርዓት አላውቅም። ውሃ ግን ውሃ ነው። እቀዳለሁ፣ አንተ እጠብ።»

አቶ ሣህሉ እጃቸውን በፌስታል ሸፍነው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ያንን የደረቀ ገላ አጠቡ። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ቶሎ በሉ የሚል ስላልነበር የጣቶቹን መሐል ሳይቀር አጠቡት። ሲጨርሱ መነሣት አቃታቸው፤ ሀቢቡላህ በብብታቸው ገብቶ አነሣቸው።

ሣልስቱ ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አጀንዳ አንድ፣ ስለ ድንኳን ሸራ። አጀንዳ ሁለት፣ ስለ ሻይ ብርጭቆዎች መሰበር። አጀንዳ ሦስት፣ የአቶ ሣህሉ ጉዳይ።

«አባሉ» አለ መሳይ፣ «በክብር ነፃ ከተባሉበት ሥራ ላይ ተገኝተዋል። ይህ ደንብ መጣስ ነው። በተጨማሪም ድንኳናችን ውስጥ አብረውን ሲቀመጡ አባላት ሥጋት አድሮባቸዋል።»

«አንተ አይደለህ እንዴ አይተላለፍም ያልከን?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረገጥ፣ ከነጥቁር ልብሳቸው ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው።

«እትዬ ሸዋ፣ ያ ሥልጠና ነው። ይሄ እድር ነው።»

ማንም አልሳቀም።

ሐሳብ ቀረበ፦ ይሰረዙ። መሰረዝ ማለት ለሁሉም ግልጽ ነበር። የአቶ ሣህሉ ቀን ሲደርስ ድንኳን አይተከልም፤ ቃሬዛ አይመጣም፤ ሠላሳ ዓመት ለሰው ካስማ የመቱ ሰው ብቻቸውን ይወጣሉ። ሰናይት ጥግ ላይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች።

መሳይ ክፉ ሰው አይደለም። ከመድረኩ ወርዶ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጎንበስ አለ፤ ድምፁ ግን ለአዳራሹ ሁሉ ተሰማ።

«ጋሽዬ፣ መንገድ አለ። ዕድሜ ነው ይበሉ። "አላስተዋልኩም፣ እርጅና ነው" ይበሉ። ቃለ ጉባኤ ላይ እናሰፍረዋለን፣ ያልቃል። በእርጅና ማንም አይቀጣም።»

«አባዬ፣ በላቸው!» አለች ሰናይት ከነጠላዋ ውስጥ።

አቶ ሣህሉ በሩን ተመለከቱ። እዚያ፣ ከደፉ ውጭ፣ ፍስሐን ያስታመሙትን ሽማግሌ ፍለጋ ከአጋሮ በጠዋቱ መኪና የመጣች ዘይቡ የምትባል ሴት ጫማዋን ጭቃ ውጦት ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ወንድ ልጅ አላት፤ ከተኛ ሰንብቷል።

«አላረጀሁም አልልም» አሉ። «አርጅቻለሁ። ያደረግሁትን ግን አውቄ ነው ያደረግሁት።»

«አውቀው ከሆነማ ባሰ!» አለ መሳይ ቀና ብሎ። እስክሪብቶውን አነሣ። «እንግዲያው ለምን እንዳደረጉት ለጉባኤው ያስረዱ። ለጽድቅ ነው? ሰው ከፍሎዎት ነው? የልጁ ዘመድ ነዎት? አንድ ምክንያት ይስጡንና እንመርምረው።»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አደረጉና ወደ በሩ ዞሩ።

«አልናገርም።»

«ምክንያት ከሌለዎት እኮ...»

«አለኝ። አልናገርም።»