ስልሳ ቀኝ፣ መቶ ሃያ ግራ

አባታችን ጫማ ሰፊ ነበር፤ ልጆቹንም አሳምሮ ያውቃል። እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ክፍል ውስጥ ሩብ ሰዓት ሳንጨቃጨቅ መቀመጥ አንችልም። ስለዚህ ሊሞት ሲል ፎርማዎቹን፣ ማለት ጫማ የሚወጠርባቸውን የእንጨት እግሮች፣ ለሁለት ከፈላቸው። ግራ ግራውን ለእኔ፣ ቀኝ ቀኙን ለወንድሜ። «ብትኳረፉ አንድ እግር ጫማ ማን ይገዛችኋል? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» አለን። ተንኮሉ ሠራ። ወንድሜ ከድልድዩ ማዶ አግብቶ እዚያው ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ወዲህ ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ቀኝ፣ እኔ ግራ እየሰፋን፣ ሐሙስ ሐሙስ ድልድዩ መሀል ተገናኝተን ስናጣምር ኖርን። ስድብ አይጠፋም፤ ጫማው ግን ይሸጣል።

ድልድዩ ሁለት አገር የሚያገናኝ መሆኑን እንኳ ረስተነው ነበር። ሁለቱም አገሮች አንድ ኅብረት ውስጥ ስለነበሩ ምን ይዘሃል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኋላ የእኛ አገር ከኅብረቱ ትውጣ የሚል ነገር መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ትውጣ ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። የፋብሪካ ጫማ በርካሽ እየገባ ገበያዬን በልቶት ነበር። ወንድሜ «የእኔስ ጫማ በየት ሊገባ ነው?» ሲለኝ፣ «አንተ ፋብሪካ ነህ እንዴ?» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ወጣን። ድልድዩ አፍ ላይ ኬላ ቆመ። ቆዳውም ማስቲሹም የሚመጣው ከማዶ ስለሆነ ዋጋቸው ጣራ ነካ። ወንድሜ የላከው የመጀመሪያው ጆንያ ደግሞ ኬላው ላይ ታገደ። ቅጹን የሞላልን ትራንዚተር «አርባ ቀኝ ጫማ» ብሎ መጻፍ እብደት መስሎት «ጫማ፣ ሃያ ጥንድ» ብሎ ነበር። ጆንያውን የከፈተው የለም፤ ቀረጡ ብቻ ከትርፋችን በለጠ። ከፍዬ አስወጣሁትና ወንድሜ ላይ በስልክ ጮኽኩበት። «አንቺው አይደለሽ ትውጣ ያልሽው?» አለኝ። ዘጋሁበት።

ችግሩ፣ ከኩርፊያው በፊት ሆስፒታሉ ለነርሶቹ ስልሳ ጥንድ ነጭ ጫማ አዞን ነበር። በቀጠሮው ሐሙስ ካላስረከብን ከፋብሪካ ይገዛል። እኔም ሁለቱን ሰፊዎቼን አሰናብቼ በሬን እዘጋለሁ። ቀኙን በዚያ ኬላ አሳልፌ የትም እንደማልደርስ ገባኝ። ለምን ሁለቱንም እግር ራሴ አልሠራም አልኩ። የስድስቱን ቁጥር ግራ ፎርማ በከረጢት ይዤ አናጢው ዘንድ ሄድኩና «እነዚህን የመሰለ ሥራልኝ» አልኩት። ሠራልኝ። ከሰፊዎቼ ጋር ለአሥር ቀን ቀና ሳንል ሰፋን። ለወንድሜ ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ቀን ደወለ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ያንተስ?»

«ደህና ነው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ልናስረክብ ሁለት ቀን ሲቀር፣ አውቶቡስ ነጂው ባሌ ለምሳ መጣና ከትልቁ ቁጥር አንዱን ጥንድ አነሣ። ተጫማው፤ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ።

«ይሄኛው ግራ ነው» አለ።

«እሺ፣ ታዲያ?»

«ያኛውም ግራ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። መቶ ሃያ ጫማ፣ መቶ ሃያውም ግራ። ለካ ሠላሳ ዓመት ግራ ብቻ ሳይ ኖሬ፣ ለዓይኔ ጫማ ማለት ግራ ጫማ ነው። ሰፊዎቼን ብቆጣ «እትዬ፣ እኛማ ቀኙን እንደ ድሮው ወንድምዎ የሚሠሩት መስሎን ነው» አሉ። አናጢው ዘንድ ሮጥኩ። «እነዚህን የመሰለ አልሽኝ፣ እነዚህን የመሰለ ሠራሁ» አለ። ምን ይሉታል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ባሌ ሳቁን በግድ እየዋጠ ስልኩን አቀበለኝ።

«ወንድሜ» አልኩ፣ «የሆስፒታሉ ቀኞች...»

«ካለቁ ሳምንታቸው ነው» አለኝ። «መቼ ትጠይቀኝ ይሆን ብዬ ነው የቆየሁት።»

አፈርኩ። እሱ ለእኔ ሲሰፋ፣ እኔ እሱን ልተወው ስሰፋ ነበር የከረምነው።

በማግስቱ ኬላው ላይ ተገናኘን። በዚህ ጊዜ ቅጹን በእጄ ሞላሁት፦ «ቀኝ ጫማ፣ ስልሳ።» የኬላው ሹም ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ለፈገግታም ቀረጥ የሚከፍል የሚመስል ሰው ነው።

«እናቴ፣ ጥንዱስ?»

«ጥንድ የለውም፣ ጌታዬ።»

አላመነም። ጆንያውን ዘርግፎ ሊያጣምር ብዙ ታገለ። ላቡን ጠርጎ የታሪፍ መጽሐፉን ገለጠ፤ ቀረጡ በጥንድ ነው የሚለው።

«ለብቻው ይሸጣል?»

«በሠላሳ ዓመት አንድም አልሸጥን።»

አሰበ፤ መጽሐፉን እንደገና አነበበ። «የማይሸጥ ከሆነ ሸቀጥ አይደለም። ናሙና ነው፤ ናሙና ቀረጥ የለውም» አለና ማኅተሙን አሳረፈበት። ልስመው ምንም አልቀረኝም። የነርሶቹ ጫማ ለነገ ደረሰ።

ወንድሜ ግን ዓይኑን እኔ ከያዝኩት ጆንያ ላይ አልነቀለም።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስልሳ ግራ።»

«የነርሶቹ ግራ ሱቅሽ አይደለም እንዴ?»

«እሱማ ሱቄ ነው። ይሄ ትርፉ ነው፤ ላንተ ይሁን ብዬ ነው።» ዓይኔን በጨው አጥቤ ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። «ቀኙንም ራሴ ልሠራ ነበር። ያላንተ። ሲያልቅ ሁሉም ግራ ሆኖ ተገኘ። ይቅር በለኝ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ኮቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከቶ አንድ ነጭ ጫማ አወጣ።

«ስልኩን በዘጋሽብኝ ማግስት፣ እኔም ግራ መስፋት አያቅተኝም ብዬ ሞክሬ ነበር» አለ። «ልነግርሽ ነው ይዤው የመጣሁት።»

ተቀብዬ አገላበጥኩት። ስፌቱ ያምራል። ቀኝ ነው።

ድልድዩ ላይ እንባችን እስኪመጣ ስንስቅ፣ ሹሙ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየን። ወንድሜ ጆንያዬን ትከሻው ላይ አደረገ።

«የእኛም ማዶ ሆስፒታል አለው፤ ነርሶቹ በባዶ እግራቸው አይሄዱም» አለ። «እንግዲህ ስልሳ ቀኝ ልስፋ።»

«ሃምሳ ዘጠኝ» አልኩት። «አንዱን ሰፍተኸዋል።»