የማቅጠኛው ሻይና የሠርግ ኮቴ

እውነቴን ነው። ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ እንጀራ በምበላበት መቀስ ጣቴ ይቆረጥ! ሆሳዕና ውስጥ እኔን፣ ልብስ ሰፊውን ኤሊያስን፣ የማያውቅ ሰው ካለ ገና አሁን ከሚኒባስ የወረደ ነው። እኔ ሱፍ ቆረጥኩ ሲባል ከሐዋሳ ድረስ ሰልፍ ይያዛል።

ልጄ ሊዲያ ዱራሜ ልታገባ ሆነ። እናቷ ከእኔ ተለይታ ወደዚያ ከሄደች ወዲህ ልጅቷም ያደገችው እዚያው ነው። ያም ሆኖ እጇን ይዤ ለሙሽራው የማስረክባት እኔ ነኝ። ምን ለብሼ? ራሴ ሰፍቼ ራሴ ያገባሁበትን ጥቁር ኮት ነዋ! አውጥቼ ለበስኩት። ቁልፉና ቀዳዳው እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ተራርቀው ቆሙ።

ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው ሃቢባ ከሱቋ ብቅ ብላ ሳቀች።

«የሊዲያ አባት፣ ጎኑን ፈታ ብታደርገውስ? ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ትተህለታል እኮ።»

«የኔ ስፌት ይፈታል? ኮቱ ባለበት ይቆያል፤ ቦርጩ ይሄዳል!»

አዲሎ ከተማ፣ መኪና መቆሚያው ላይ ከአንድ አዟሪ የማቅጠኛ ሻይና አብረውት የሚዋጡ አረንጓዴ እንክብሎች ገዛሁ። «ንጹሕ ቅጠል ነው፣ ምንም አያደርግም» አለኝ። ሌላው ሰው በቀን አንዴ ይጠጣው ይሆናል፤ እኔ ጠዋትም ቀትርም ማታም ጨለጥኩት። ማታ ማታ ኮቱን ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ አንጠለጥልና እያወራሁለት እጠጣለሁ። ደህና አድማጭ ነው፤ አያቋርጥም።

ቦርጬ ሲቀልጥ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ከዚያ ምግብ አስጠላኝ፣ ገላዬን አሳከከኝ፣ ሽንቴ ጠቆረ፣ ዓይኔም ቢጫ ሆነ። ቢጫ ስላችሁ እንዲህ ዝም ብሎ ቢጫ እንዳይመስላችሁ! መብራት ሲጠፋ በዓይኔ ብርሃን መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ነበር።

ሆስፒታል በገዛ እግሬ ሄድኩ። ሐኪሙ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲለኝ ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና «ጉበቴን የጎዳው ይሄ ነው! ቅጠልም ቢሆን ጉበት ይጎዳል፤ እንክብሉ ውስጥስ ምን እንደቀላቀሉበት ማን ያውቃል?» አልኩት። ሐኪሞች ከየክፍሉ ተጠርተው መጥተው አዳመጡኝ።

ሠርጉ ተኝቼ ሳለሁ ደረሰ። ሊዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቬሎዋን እንደለበሰች፣ አርባ መኪና አስከትላ ሆሳዕና ገባች! መዘምራኑ ኮሪደሩን ሞሉት፣ ነርሶቹ እልል አሉ። «አባዬ፣ ያላንተ አላገባም» ብላ አልጋዬ ላይ ተደፋች። ኮቴን ደረብኩት፤ ልክክ አለ። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ኮቱን አየችውና አወቀችው።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ምስክር ትሁነኝ ብዬ ለሃቢባ አነበብኩላት። ጨርቅ እያጠፈች ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም።

«የሊዲያ አባት» አለች ቀስ ብላ፤ «መቆም አቅቶህ በባጃጅ ያደረስኩህ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ምንም አልወሰድኩም ብለህ ማልክ። ቅጠል መድኃኒት አይደለም ብለህ ነው። ፓኬቱን ከስፌት መኪናህ መሳቢያ፣ ከክሮቹ ስር አውጥቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይህን ስለ ጉበት የጻፍከውንም የተናገረው ሐኪሙ ነው፤ ትንሽ ብትቆይ አትተርፍም ነበር ያለህም እሱ ነው።»

«አርባዎቹ የሠርግ መኪኖችስ?» አልኳት።

«የሠርጉ ቀን ምሳህን አድርሼልህ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ሌላ የመጣ ሰው አልነበረም።»

«ሊዲያስ?»

የታጠፈውን ጨርቅ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና በእጇ ደልደል አደረገችው።

«ሊዲያ መታመምህን አታውቅም። እንዳልነግራት በአላህ አስምለኸኛል። አባቴ ተቀይሞኝ ነው የቀረው ብላ ነው እስከ ዛሬ የምታስበው።»