የጋሼ ማሙሸት ክንድ

ጋሼ ማሙሸት በአንድ ሳሙና ፋብሪካ ትልልቅ ፓምፖችን ሲጠግኑ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ሰሞን ግን አንዱ ፓምፕ ክዳኑን ባሰሩት ቁጥር ማፍሰስ አላቆም አለ። "ክንዴ ደከመ ማለት ነው" ብለው አዘኑ። ለማንም ሳይናገሩ እጀታው ረዥም የሆነ መፍቻ ሊገዙ ሰባተኛ ሰፈር ወዳለው የናኢማ ሱቅ ሄዱ።

ናኢማ የመሣሪያ ንግዱን ከአባቷ የተረከበች፣ ደንበኛዋን ሳትጠይቅ ዕቃ የማታወርድ ሴት ናት።

"ረዥሙ ለምን አስፈለገዎት ጋሼ?"

እያፈሩ ነገሯት። እሷም ደጃፏ ላይ የተቀመጠ አሮጌ ፓምፕ አሳየቻቸው። "እስቲ የዚህን ክዳን እንደ ፋብሪካው አድርገው ያጥብቁልኝ።"

የክዳኑን ስምንት ብሎኖች ተራ በተራ፣ እስኪያልባቸው አጠበቁ። ናኢማ የጥብቀቱን ልክ በጠቋሚ መርፌ የሚያሳይ መፍቻ አምጥታ እያንዳንዱን ለካችና ሳቀች።

"ክንድዎ መች ደከመ! ግማሾቹን ከልክ በላይ አጥብቀዋል፣ ግማሾቹ ላልተዋል። እዚያም ከክዳኑ ሥር ያለውን ጎማ በአንድ በኩል እየጨፈለቁት እኮ ነው የሚያፈሰው።"

ጋሼ ማሙሸት እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እሷም ፊት ለፊት ያሉትን ብሎኖች እያፈራረቁ፣ ቀስ በቀስ ማጥበቅን አሳየቻቸው። ረዥሙን ትተው ባለ መርፌውን ገዙ።

በማግስቱ ፋብሪካው ፓምፕ ላይ አዲስ ጎማ አስገብተው፣ መርፌውን እያዩ ክዳኑን በሦስት ዙር አሰሩ። ፓምፑ ሲነሳ ባልዲ ገልብጠው አጠገቡ ተቀመጡ። እስከ ምሳ ሰዓት ጠብታ አልወረደም። ምሳቸውንም እዚያው በሉ።