ከወዛደር እስከ ሥራ ፈጣሪ

አለሜ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን ሁልጊዜ የሚነግረው መንግሥት ነው። በደርግ ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ «ወዛደር» ተባለ። አብዮቱን የምትመራው አንተ ነህ ሲሉት ደረቱን ነፍቶ ላሊበላን ዞረ። ያኔ ነው በነአኩቶ ለአብ መንገድ ዳር ለጠራቢዎች የቆርቆሮ መጠለያ የተሠራላቸው። መንግሥት ተለወጠና «ጥቃቅንና አነስተኛ» ሆነ። አይ ጉድ! አብዮት ሲመራ የነበረ ሰው ጥቃቅን! ሚስቱ ብርቅዬ ሳምንት ሙሉ ሳቀችበት።

ዘንድሮ ደግሞ ወንድምአገኝ የሚባል ወጣት ከከተማው ጽሕፈት ቤት መጣና፣ «ጋሽ አለሜ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ሥራ ፈጣሪ ሆነዋል» አለው።

«ተመስገን። ምን ፈጠርሁ?»

«እሱ ይደርሳል። መጠለያው ግን ይፈርሳል። የተሠራው ለሠራተኛ ነው፤ እርስዎ ደግሞ አሁን ሠራተኛ አይደሉም።»

አለሜ ክው አለ። የላስታ ክረምት ቀልድ አያውቅም። በዚህ ዕድሜው ዝናብ እየወረደበት ድንጋይ ሊጠርብ ነው? ወገቡስ?

ለሠራተኞች ቀን ከዞኑ ለሚመጡት የክብር እንግዳ ለአቶ ደግሰው የምስጋና ቃል እንዲያሰማ አለሜ ተመረጠ። ወንድምአገኝ «‹እኛ ሥራ ፈጣሪዎች› ብለው ይጀምሩ» እያለ ሲያስጠናው ሰነበተ። አለሜም እሺ አለ፤ እንግዳውን ለምኖ መጠለያውን ማስቀረት ከቻለ ቃሉስ ምን ቸገረው።

መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክራፎኑ ፊት ቆመ። ሰዉ ጸጥ ሲል የተጠናው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋበት። አፉ ላይ የመጣለት የጎረምሳነቱ መፈክር ብቻ ነበር። ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ወረወረና፣

«የወዛደሩ ትግል!» አለ።

«ያሸንፋል!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላው።

ዞሮ ቢያይ፣ የክብር እንግዳው ብድግ ብለው ግራ ጡጫቸውን ሰቅለዋል! አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው እጃቸውን የሚያደርጉበት ቢያጡ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ።

አለሜ ያን ድምፅ አወቀው።

«ጓድ ደግሰው! እርስዎ ነዎት እንዴ? መጠለያውን መርቀው የከፈቱልን? ‹ይህን ከወዛደሩ የሚነጥቅ የሕዝብ ጠላት ነው› ያሉን?»

አቶ ደግሰው ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ወንድምአገኝን ጠርተው «መጠለያው ባለበት ይቆይ» አሉና ወደ አለሜ ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ይህን ነገር ግን አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር።»

«እኔስ አልናገርም ጓድ» አለ አለሜ፤ «ማይክራፎኑ ግን አልጠፋም።»