ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረችው

«እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረሁት፣ ጋሼ» አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

ኩመራ ለቅሶ ቤት ከሚነሣው የማያልቅ ወግ አንዱ መሰለው። «ምን ይቆጭሻል? የማታ ትምህርት አለልሽ» አላት፤ ከልቡ ነበር።

ዝናቡ የእድሩን ድንኳን ይደበድባል። መቱ ከተማ ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለምና ማንም ቀና ብሎ አላየውም፤ ንፍሮው ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ቀጥሏል። የእህቱ የኡርጌ ባል፣ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጋሼ ዋቁማ፣ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ኩመራም ወግ ነውና ከሐዘንተኞቹ ተርታ ተቀምጧል። ከሟች ጋር ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳልተነጋገረ ግን እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችው። መሐላቸው የተቀመጠው ነዚፍ፣ የደብተርና የእስክሪብቶ ነጋዴው፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ ሊስቅ ሲል አፉን በመዳፉ ያዘ።

«አንተ ሰው፣ ሉባባ እኮ ነርስ ናት። ከኡካ ከተማ ድረስ ነው የመጣችው። የምታወራህ ስለ መጽሐፍህ ነው።»

ኩመራ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

መጽሐፉን ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ለማሳተም ደግሞ ከአባቱ የወረሳትን የቡና መሬት ሸጦበታል። በ2008 ዓ.ም. አንድ ሺህ ቅጂ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። የአዲስ አበባው አከፋፋይ «ስሙ ያልታወቀ የክፍለ ሀገር ደራሲ አይሸጥልኝም» ብሎ እፍኝ የማይሞላ ነበር ያስቀረለት። ነዚፍ ከደብተሮቹ ጎን መስኮቱ ላይ ደረደረለት። ጋሼ ዋቁማም አንድ ለቤተ መጻሕፍቷ ለመነው፤ ፈርሞ ሰጠው። ያኔ ደስ ብሎት ነበር፣ ለምን ይዋሻል።

ሁለት ወር ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቷ ጎራ ሲል ግን ዓይኑን ማመን አቃተው። መጽሐፉ ሰባት ቦታ ተገንጥሏል። እያንዳንዱ ቁራጭ በጆንያ ክር ተሰፍቶ፣ በጠመኔ ካርቶን ተለብዶ፣ ላዩ ላይ በዋቁማ ቁም ጽሕፈት «1ኛ ክፍል»፣ «2ኛ ክፍል» ተብሎበታል። አንዱን ቁራጭ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ሌላውን ሽንኩርቷን እግሯ ሥር ያስቀመጠች የገበያ ሴት ይዘው ያነባሉ።

«ቀደድከው!» አለ ኩመራ። ታላቁን ሰው አንተ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

ዋቁማ የያዘውን የጆንያ መርፌ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ቀድጄስ አይደለም» አለ ረጋ ብሎ። «ናን ቆዴ። ያለኝ አንድ ነው፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው።»

ናን ቆዴ በኦሮምኛ አካፈልኩ ማለት ነው። ቀደድክ ላለ ሰው ቆዴ ብሎ መመለስ ግን ለኩመራ በቋንቋ መቀለድ፣ በላቡ ላይ መሳለቅ መሰለው። እውነቱን ለመናገር ያንገበገበው መቀደዱ ብቻ አልነበረም። ሰባት ሰው በአንድ መጽሐፍ! በነጻ ካነበቡ ማን ይገዛል? ከየአንባቢው እጅ እየነጠቀ ሰበሰበ። ስድስተኛው ክፍል ብቻ ሰው ቤት ነበር። የቀሩትን ይዞ ሄደና ምድጃ ውስጥ ጨመራቸው።

ከዚያ በኋላስ ተሸጠለት? የለም። ቅጂዎቹ በቆርቆሮ ቤቱ እርጥበት ሻገቱ፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበበለት ምስጥ ብቻ ነው። ሁለተኛ መጽሐፍም አልጻፈም። ለምን ብሎ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ «ዋቁማ ገደለኝ» ነበር።

«ከተማው ሁሉ እኮ ክፍል ይቆጥር ነበር» አለች ሉባባ፣ ንፍሮዋን በእጇ እንደያዘች። «ገበያ ላይ ስንገናኝ ‹ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?› ነበር የምንባባለው። አንድ ዳኛ ሁለተኛ ክፍልን ደገሙ ተብሎ ስንት ተስቆባቸዋል!»

«ሱቄ የሚመጡትም እነሱ ነበሩ» አለ ነዚፍ። «‹አምስተኛውን ሰው ይዞብኛል፣ ወረፋ ሰለቸኝ፣ ሙሉውን ስጠኝ› ይሉኛል። አንዳንዱም አንብቦ ጨርሶ ለእህቱ ይገዛል። ዋቁማ ራሱ ነበር የሚልካቸው። አንተ የሰበሰብክ ዕለት ጠያቂው ድርግም አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርህ ቤትህ ድረስ መጥቼ አልነበር? ‹ከእሱ ጋር ወግነሃል› ብለህ በሩን ዘጋህብኝ፤ መስኮቴ ላይ የቀሩትንም በማግስቱ ለቅመህ ወሰድክ።»

ትዝ አለው። አፈረ። ሌላውም ተከትሎ መጣበት። ዋቁማ መንገድ ላይ ባየው ቁጥር ባርኔጣውን ያነሣለት ነበር፤ እሱ ወደ ማዶ ይሻገራል። በቅርቡ ኡርጌ «ታሟል፣ መጥተህ እየው» ብላ ስትልክበት «ሳምንት» አለ። ሳምንቱ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ዕለት ሰውየው ሞተ። አሁን ተነሥቶ ይቅርታ ቢል ለማን ይላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

በሠልስቱ ጠዋት ሉባባ ከኡካ ፌስታል አንጠልጥላ ተመለሰች። በጠመኔ ካርቶን የተለበደች ቀጭን ጥራዝ አውጥታ በሁለት እጇ ለኡርጌ ሰጠቻት።

«የጋሼ ዋቁማ አደራ ነው፣ እትዬ። ያኔ ስመልስላቸው ሰባተኛው የለም አሉኝ። ‹ይሄም አንቺው ጋር ይቆይ፤ ኩመራ አንድ ቀን ሰባተኛውን ያመጣዋል› አሉኝ። ከዚያ ወደ ኡካ ተዛወርኩ፤ ይኸው እንደያዝኩት ቀረሁ።»

ኡርጌ ካርቶኑን አየች። «6ኛ ክፍል። ሲጨርሱ ሰባተኛውን ይጠይቁ» ይላል የባሏ ቁም ጽሕፈት። በዘጋ ድምፅዋ እንደ አዲስ አለቀሰች። ኩመራ ከጎኗ ሆኖ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሣም።

ጥቂት ጋብ ሲል ሉባባ ወደ እሱ ዞረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ። ቦታውም አይደለም። ግን ገለኔ...» ገለኔ የመጽሐፉ ባለታሪክ ናት፤ ስድስተኛው ክፍል የሚያልቀው ከባሏ ተጣልታ የሶርን ወንዝ ስትሻገር ነው። «ተመለሰች?»

በአንድ ቃል ሊነግራት ይችል ነበር። ግን እጁን ኮቱ ውስጥ ከተተ። ከምስጥ የተረፈችውን አንዷን ቅጂ፣ ጠዋት ምን ሊያደርጋት እንደሆነ ሳያውቅ ከቤት ይዟት የወጣትን፣ አወጣ። ወደ መጨረሻው፣ ሰባተኛው ክፍል የሚጀምርበት ላይ ገለጣት፤ ጀርባዋን ሰበረና ከሥሯ ገነጠላት።

«ውይ፣ ጋሼ! ቀደዱት!»

«ቀድጄስ አይደለም» አለ። «ናን ቆዴ።»

የተገነጠለውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን በመዳፉ ያስተካክል ጀመር። ኡርጌ እንባዋን ሳትጠርግ ጥቂት አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የጆንያ መርፌውን ከነክሩ ይዛ ተመለሰችና ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።