ጎረቤት ያጣው ሐዘንተኛ

«ውይ፣ ሐዘን ቤት ውስጥ ፊልም?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ፈይዛ፣ ትህትና ላፕቶፑን ከእናቷ ፊት ስታስቀምጥ። «ሰው ምን ይላል ልጄ?»

«አባዬ የሚወደው ፊልም ነው» አለች ትህትና። «ምናልባት አንድ ቃል ቢያስወጣት ብዬ ነው።»

እናቷ ሙሉሐረግ ቀና አላለችም። ባሏ አለኸኝ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እስካሁን እንባም ቃልም አልወጣትም። ሌላ ሴት ብትሆን «ደንግጣ ነው» ይባልላት ነበር። ሙሉሐረግ ግን የመካነ ሰላም አልቃሽ ናት፤ ከወግዲ ድረስ እየመጡ የሚወስዷት፣ ለማታውቀው ሟች እንኳ ሙሾ አውርዳ ድንኳን ሙሉ ሰው የምታስለቅስ። ድንኳኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቀላል። ያኔ አለኸኝ ሳይሞገስ ቀረ ማለት ነው። ውጭ የተቀመጡት ሴቶች «ለሰው ሁሉ አልቅሳ ለባሏ ነጠፈባት» ሲሉ ሰምታለች። እሷም የፈራችው ይህንኑ ነው።

ፊልሙ ጀመረ። የድሮ የኢራን ፊልም ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ዝናብ ያያል። ያያል። አሁንም ያያል።

አለኸኝ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበ፣ ከራሱም ጨው ጨመር እያደረገ፣ ለተመልካቹ ጮክ ብሎ ይተረጉም ነበር። ይህን ፊልም ያሳየ ዕለት ግን ሰው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ። የቀረችው ሙሉሐረግ ብቻ፣ እሷም እያዛጋች።

«እንዴት ነው?» አላት በጉጉት።

«ሰውዬው መቼ ነው የሚያለቅሰው?»

«ዝምታው እኮ ነው ለቅሶው! አይገባሽም።»

«አዎ፣ አይገባኝም። ለቅሶ ከሆነ ይሰማ!»

ሃያ ዓመት ተከራከሩበት። እሱ ዓለም ያደነቀው ፊልም ነው ይላል፤ እሷ ዓለም ለቅሶ አያውቅም ትላለች። አንዳቸውም አልተረቱም።

ሰውዬው አሁንም ዝናቡን ያያል። ሙሉሐረግ ቀና አለች።

«ይኸው!» ስትል ሁለቱም ደነገጡ። «ዛሬም እዚያው ነው! ጎረቤት የለው፣ ዕድር የለው፣ አይዞህ የሚለው የለው! ስሟን እንኳ አንዴ አልጠራም። ምን ትወድ ነበር? እንዴት ነበር የምትስቀው? ማን ነገረን? እንዲህ ከሆነማ መሞቷን እንጂ መኖሯን በምን እናውቃለን?»

ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ተሰማት። ሦስት ቀን ሙሉ እሷም አለኸኝን በስሙ አልጠራችውም።

«አብሽሪ ሙልዬ» አሉ እትዬ ፈይዛ ቀስ ብለው።

ሙሉሐረግ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ይዛ ወጣችና አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀምረዋል።

«ተዉት!» አለች፤ መሀል ላይ ቆመችም። «አለኸኝ!

የሩቅ አገር ለቅሶ ስትፈታ ኖረህ፣
የኔን ማን ይፍታልኝ አንተ ዝም ብለህ።»

ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ተቀበላት። ሲያንሾካሹኩ የነበሩት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ተነሱ፤ የዕድሩ ሰዎችም ገመዱን ለቀው አለቀሱ። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅዋ ግን ከቀድሞው ሁሉ ይበልጥ ከፍ አለ።

«ተከራክረን ኖረን ዛሬ ብረታህም፣
ተነስተህ አትቆጣ ድሌም አይጥመኝም።»

«ወላሂ፣ ለቅሶ እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ እትዬ ፈይዛ፣ እያለቀሱም ኮራ ብለው። ሙሉሐረግ የቪዲዮ ቤቱን፣ ቀልዱን፣ ግትርነቱን ሁሉ በሙሾ አወረደች። ድንኳኑ የተነቀለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ሲበቃት አግዳሚው ላይ አረፍ አለች። ላፕቶፑ ላይ ሰውዬው አሁንም ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለም። ሙሉሐረግ ከሰሃኑ ንፍሮ ዘገነችና ከፊቱ አስቀመጠችለት።